የአያ ገዳሙ የፊት ጎማዎች

የሟቹ እጆች ንጹሕ ነበሩ። ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህንን ነው፤ ነገሩ ለምን ዓይኗ ውስጥ እንደገባ ግን ያን ጊዜ ለራሷም አልገባትም። ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መሪው ላይ ደፋ ብለዋል። መሪው ደረታቸውን ደቁሷቸዋል እንጂ ፊታቸው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ደክሟቸው እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ።

ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው መንገድ እዚያ ቦታ ላይ ቁልቁል ይጠመዘዛል። ፒክአፗ ከመንገድ ወጥታ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ተላትማለች። የጫነችው ዕቃ ሣሩ ላይ ተበትኗል፤ የሽቦ አልጋ፣ ፍራሽ፣ የእንጨት ሳጥን፣ አፉ በገመድ የታሰረ የገብስ ዱቄት ጆንያ፣ መስታወቱ የተሰበረ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ። ሰው ዕድሜ ልኩን ያፈራው ዕቃ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ምን ያህል ትንሽ ነው። ጥሩብርሃን ፎቶግራፉን አንስታ አቧራውን ጠረገችና ሳጥኑ ላይ አስደግፋ አቆመችው።

«የፈነዳው የፊት ግራ ጎማ ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው የትራፊክ ፖሊስ፣ አካለ ወልድ። «አያ ገዳሙ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ ዕቃቸውን ጠቅልለው ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ እየሄዱ ነበር። ጎማዎቹን ከወር በፊት ማርቆስ ከሱሩር ሱቅ ነው የገዟቸው። አሮጌ ጎማ ቀለም ቀብቶ ሸጠላቸው ማለት ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም ሰው።»

ጥሩብርሃን «ሁሉም ሰው» የሚባለውን ምስክር ወዳው አታውቅም። ቁጢጥ ብላ የፈነዳውን ጎማ ጎን ዳሰሰችው። ጣቶቿ ወዲያው ጠቆሩ፤ ሽታው የጫማ ቀለም ነው። በመሐረቧ ስትፈትገው ከቀለሙ ሥር ውኃ እንደራቀው ጭቃ የተሰነጣጠቀ ገላ ብቅ አለ። ጥርሱ ግን አላለቀም። ላይ ላዩን ላየው ሰው ገና ብዙ መንገድ የሚሄድ ጎማ ነው። የፊት ቀኙም እንደዚሁ ነበር። የኋላዎቹ ሁለቱ ግን ቀለሙ ሲጠረግላቸው ከሥር ጤነኛ ናቸው፤ ተጠባባቂው ስኮርታም አዲስ ነው።

የፊቶቹን ጎማዎች አስፈትታ ገለበጠቻቸው። የፈለገችውን ያገኘችው ወደ መኪናዋ ሆድ ዞሮ በነበረው ጎናቸው ላይ ነው። ጎማ የተሠራበት ጊዜ ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ይታተማል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱም የፈረንጆቹ ነው። ሁለቱም ላይ 2308 ይላል። በእኛ አቆጣጠር 2000 ዓ.ም.፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ማለት ነው። አሁን 2011 ነው። ጎማዎቹ ከፋብሪካ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ጎማ ደግሞ ባይሄድም ያረጃል፤ ፀሐይና ውርጭ እየተፈራረቁበት በቆመበት ይደርቃል። ጥሩብርሃን ቁጥሩን አይታ ለማንም ሳትናገር ጎማዎቹን አስጭና ጣቢያ አስቆለፈችባቸው።

በዚያው ዕለት ሱሩር ታሰረ።

ጥሩብርሃን ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ከባሏ ተፋታለች፤ ልጅ አልወለደችም። የምትኖረው ከአንድ ግቢ ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ሲሆን፣ እሑድ እሑድ ድምፅ እንዲሰማት ብላ ብቻ ራዲዮ ትከፍታለች። ሥራዋን የምትወደው ሰው ስለምታነጋግርበት ነው ቢሏት አትክድም። የሚያሳዝነው፣ የሚያነጋግሯት ሰዎች ሁሉ እሷ ብድግ ብላ እስክትሄድላቸው የሚጠብቁ መሆናቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ቆማ አገኘቻት። የሱሩር ሚስት ሸሪፋ ነበረች።

«መርማሪዋ እርስዎ ነዎት?» አለቻት።

«ነኝ።»

«ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ቆሞ ገዳይ ይለዋል። ልጆቼ ትምህርት ቤት አንሄድም ብለዋል። እዚህ ከተማ ነው ተወልዶ ያደገው። ጥፋተኛ ከሆነ ይቀጣ፤ ካልሆነ ግን ቶሎ በሉልን። ስም አንዴ ከጠፋ በኋላ ነጻ ነው ቢባል ማን ይሰማል?»

ጥሩብርሃን ሳህኑን ከእጇ ተቀበለቻት፤ የሴትየዋ ነገር እውነት ነበርና። ገብታ ሱሩርን አስጠራችው። ጎልማሳ ነው፤ እጆቹ ከብሎንና ከቸርኬ ጋር ኖረው የሻከሩ ናቸው።

«አቶ ሱሩር፣ ለአያ ገዳሙ ምን ሸጡላቸው?»

«አራት አዲስ ጎማ። የፊቶቹ አሮጌ ናቸው ከተባለ የእኔ አይደሉም። ይኸው ነው የማውቀው።»

«ሁለት አዲስ፣ ሁለት አሮጌ ቀላቅሎ ሸጠላቸው ነው የሚሉት።»

ሱሩር ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። «ለማን? ለአያ ገዳሙ? እሳቸው እኮ አውራ ጣታቸውን ጎማው ጎን ላይ ተጭነው፣ እጥፋቱ ውስጥ ስንጥቅ እንደሌለ ሳያዩ ዋጋ አይጠይቁም። ሾፌር ሁሉ ጥርስ ያያል፤ እሳቸው ጎኑን ነው የሚያዩት። ሱቅ ውስጥ ብቻም አይደለም። መኪና ከማስነሳታቸው በፊት አራቱንም እየዞሩ ይዳስሳሉ። እንዳይዘሉት የተሳሉት ነው የሚመስለው። እኛ እንስቅባቸው ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድም ቀን ሳያደርጉት አይቼ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ነው የሟቹ ንጹሕ እጆች ለምን አእምሮዋን እንደያዙት የገባት። ቀለም የተቀባ ጎማ የዳሰሰ ሰው ጣቱ ይጠቁራል። የእሷ ጠቁሮ ነበር። የአያ ገዳሙ አልጠቆረም። ዕድሜ ልካቸውን የዳሰሱት ሰው ያን ዕለት አልዳሰሱም።

ሮብ ገበያ ስትደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ እየተመለሰ ነበር። ከጮቄ ተራራ የወረደ ጉም መንደሩን ሸፍኖታል። መጀመሪያ ያገኘችው የሟቹን የወንድም ልጅ ድረስን ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሱሩርን ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ የሚከሰውም እሱ ነው።

«መኪናዋን ለእኔ ስጡኝ ብለሃቸዋል አሉ» አለችው።

«ብያለሁ፤ ምን እሸሽጋለሁ? ባሕር ዳር ገብተው ለማያውቁት ሰው ከሚሸጧት ለእኔ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት? ረቡዕ ገበያ መሐል ነው ያልኳቸው። ድምፄንም ከፍ አድርጌባቸዋለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል።»

«ምን መለሱልህ?»

«ምንም። ጎንበስ ብለው ጎማቸውን ዳሰሱና አስነስተው ሄዱ። እንደዚህ ነበሩ።»

«ረቡዕ ጎማውን ዳሰሱ?»

«አራቱንም። እኔ እየተናገርኳቸው።»

«ከረቡዕ ወዲያስ መኪናዋ ተነድታለች?»

«የለም። በእሳቸውና በጎረቤታቸው በአያ መሳፍንት ግቢ መካከል ያለው ሜዳ ላይ ነው የቆመችው። እኔም ባጃጄን እዚያው ነው የማሳድራት።»

«አንተ ክሪክ አለህ?»

ድረስ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጠረው። «ለባጃጅ የምን ክሪክ ነው? ሁለት ሆነን በእጅ ነው የምናነሳት።»

የሟቹ የእህት ልጅ የብርጓል ከድንኳኑ ጀርባ ሰሐን ታጥባለች። አክስቷ ከሞቱ ጀምሮ የአያ ገዳሙን ቤት የያዘችው እሷ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ ነው።

«የመኪናዋን ጎማዎች ማን ነው ቀለም የቀባቸው?» አለቻት ጥሩብርሃን፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«እኔ ነኝ። ጋሼ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አጠብኳትና አራቱንም ጎማ በጫማ ቀለም ወለወልኳቸው። እዚህ ሙሽራ ሲወጣ መኪናውን እንደዚያ ያደርጉታል። እሳቸውም የሚወጡት ለመጨረሻ ጊዜ ነው፣ አምሮባቸው ይሂዱ ብዬ ነው።»

«የፊቶቹ ጎማዎች ላይ ያየሽው ነገር የለም?»

«ጎናቸው ሽርክት ሽርክት ያለ ነበር። መቼም የድንጋይ መንገድ ነው፣ ቧጦት ይሆናል አልኩ። ቀለሙ ሲሞላው ጊዜ እንደ አዲስ ሆነ። ደስ አለኝ።»

ልጅቷ ምን እንደተናገረች ገና አልገባትም።

«ጋሼሽ ከመነሳታቸው በፊት ጎማውን አልዳሰሱም?»

«ዞረው አይተዋታል። ሙሽራ አስመሰልሽብኝ ብለው ሳቁ።»

«በእጃቸውስ?»

«በእጃቸውማ እንዴት ብለው? ቆርበው ነበር እኮ። ደብራቸውን የተሰናበቱት በቁርባን ነው። የቆረበ ሰው መንገድ አይሄድም ያሏቸው ነበሩ፤ የንስሐ አባታቸው ግን ማርቆስ ቅርብ ነው፣ እዚያው ያድራሉ፣ ተቀምጠው ነው የሚሄዱ ብለው ፈቀዱላቸው። የቆረበ ሰው እሾህ እንዳይወጋው፣ ቧጭሮት እንዳይደማ ይጠነቀቃል። መሬት ተንበርክከው ጎማ ሊነኩ? እሳቸው ቢሉም እኔ አላስጎነብሳቸውም ነበር።»

«ሲነሱ እነማን ነበሩ?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ። አያ መሳፍንት ከቅዳሴ አብረዋቸው ነው የመጡት። መስኮቷን ይዘው ቆመው ነበር፤ ጋሼ ልቀቀኝ እንጂ እስኪሏቸው ድረስ።»

አያ መሳፍንት ድንችና ገብስ እያመረቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው በዚያው ቀርተዋል። ጥሩብርሃን ስትገባ ከድንኳኑ ቀድመው ተመልሰው ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል። ምድጃው ዳር ሁለት በርጩማ ነው ያለው። ባዶውን ልትስብ ስትል ሽማግሌው የራሳቸውን ለቀው ሰጧት።

«ያችኛዋ የገዳሙ ናት፣ ልጄ» አሉ። «አይዞሽ፣ እዚህ ተቀመጭ።»

በክፍቱ በር ግቢው ይታያል። አንድ ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ መኪና ቆሟል፤ የሸራው ጫፍ በፊት በኩል በድንጋይ ተይዟል።

«መኪና አለዎት ለካ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ነጋዴ ገዛኋት። ገዳሙ መንዳት ሊያስተምረኝ ነበር። እንደ እኔዋ ያለች ካልገዛህ አላስተምርህም ስላለኝ የእሱን አምሳያ ነው የገዛሁ። ኋላ እግሬ ፍሬን ስረግጥ እየደነዘዘ እንቢ አለኝ። ይኸው ቆማ ቀረች።»

«አያ ገዳሙ ባሕር ዳር ሊገቡ መሆኑን ሲሰሙ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? ልጁ ጠራችው፣ አባት ነው ይሄዳል። በየምሽቱ እዚህ ነበር የምንቀመጥ። ክረምት ሲሆን እዚህ አገር አንዳንድ ቀን ፀሐይም አይወጣ። ሁለት ሆነን እንኳ ይረዝማል።» እሳቱን ቆሰቆሱ። «ሱሩር ታስሯል አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ልቀቁት፣ ልጄ። ልጆች ያሉት ሰው ነው። ደግሞም ጎማው ሰው እንደሚለው አሮጌ አይደለም። የ2008 ጎማ ነው፤ ሦስት ዓመት ለጎማ ምን አላት? ፀሐይ ጎኑን አሰነጣጥቆት ይሆናል እንጂ ሰው የሚገድል ጎማ አልነበረም። የእግዜር ሥራ ነው በይና ልቀቂው።»

ጥሩብርሃን ልትጠይቃቸው የምትችለው ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱንም አልጠየቀች። እጅ ነስታ ወጣች። ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘላት፤ ደስ ግን አላላትም። እንዲያውም ሌላ ሰው በሆነ ብላ ተመኘች፤ መርማሪ እንዲህ ያለ ምኞት እንደማይፈቀድለት እያወቀች።

በሣልስቱ ዕለት ሱሩርን ይዛ ተመለሰች። ድንኳኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት የብርጓልን ለብቻዋ ጠርታ ረዘም ላለ ጊዜ አነጋገረቻት። ልጅቷ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ግን ያው የሐዘኗ ነው ብሎ አለፈው። ከባሕር ዳር የመጣችው የሟቹ ልጅ መቅዲ አጠገቧ ተቀምጣለች። ድረስ ሱሩርን ሲያይ ብድግ አለ።

«ይኼን ሰው ምን ብለው እዚህ ያመጡታል?»

«ቁጭ በል» አለችው ጥሩብርሃን። «ያመጣሁት ለቅሶ ሊደርስ ነው። ምንም አላጠፋም።»

አያ መሳፍንት ጥግ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አያ ገዳሙን የገደላቸው አሮጌ ጎማ ነው፤ እዚህ ላይ ሁላችሁም ልክ ናችሁ» ብላ ጀመረች። «ግን ያ ጎማ ረቡዕ ዕለት መኪናዋ ላይ አልነበረም። ድረስ ገበያ መሐል ሲናገራቸው ጎማቸውን ዳሰው ነው የሄዱት። እሳቸው የተሰነጠቀ ጎማ ዳሰው መሪ የሚጨብጡ ሰው አልነበሩም። ከረቡዕ ወዲያ መኪናዋ ከዚህ ሜዳ አልተነቃነቀችም። ሱሩር ደግሞ ማርቆስ ነው ያለው። ስለዚህ የፊቶቹን ጎማዎች የለወጣቸው የዚህ መንደር ሰው ነው።»

ድረስ አንገቱን ደፋ።

«ለምን ለወጣቸው? ሌባ ቢሆን አራቱንም፣ ቢያንስ አዲሱን ስኮርታ ይወስድ ነበር። ስኮርታው በቦታው ነው። መግደል የፈለገ ቢሆን ደግሞ አያ ገዳሙ ጎማ ሳይዳስሱ እንደማይነዱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስንጥቁን ያዩታል። እንግዲህ ሰውየው የፈለገው እንዲያዩት ነው። አንድ ጎማ ቢበላሽ በስኮርታው ይለውጡታል። ሁለት ሲበላሽ ግን ጉዞው ይቀራል። ይህ ሰው የፈለገው ጉዞው እንዲቀር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቀረም?» አለች መቅዲ።

«ማንም ያላሰበው ነገር በመሐል ገባ። ጎማዎቹ ለስንብት ተወለወሉ፤ ቀለሙ ስንጥቁን ሸፈነው። ይህን ያደረገችው ልጅ በፍቅር ነው ያደረገችው፤ ምንም ጥፋት የለባትም። አባትሽም በዓይናቸው አዩ እንጂ እንደ ልማዳቸው አልዳሰሱም፤ ቆርበው ነበርና። እጃቸውን አይቼዋለሁ፤ ቀለም አልነካውም።»

መቅዲ እጇን ዘርግታ የብርጓልን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«የጎማው ቁጥር ያለው ወደ ውስጥ በዞረው ጎኑ ላይ ነው» ብላ ቀጠለች ጥሩብርሃን። «ካልተፈታ አይታይም። እኔ አይቼ ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ግን አንድ ሰው የ2008 ጎማ ነው፣ ሦስት ዓመቱ ነው አለኝ። ይህን ያለኝ ሱሩርን ለማስፈታት ብሎ ነው፤ ደግ ሰው ነው። ያንን ቁጥር ያየ ሰው ጎማዎቹን ፈትቶ በእጁ ይዟቸዋል። ጎማ ነጋዴ ቢሆን ደግሞ ሦስት ዓመት አይልም ነበር። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጎማዎቹ የተሠሩት በእኛ 2000 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያቸው አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ አያ መሳፍንት።»

ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ሽማግሌው አልተነሱም። አካለ ወልድ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ገብቶ የመኪናውን ሸራ ከፊት በኩል ሲገልጠው ከድንኳኑ ታየ፤ ያረጀችው፣ የኋላ ጎማዎቿ የተፈረካከሱት መኪና፣ ፊቷ ላይ ሁለት አዲስ ጎማ አድርጋለች።

«አሥራ አንድ» አሉ አያ መሳፍንት። «የሸጠልኝ ነጋዴ ጎማውን ፈትቶ ቁጥሩን አሳየኝ። የ2008 ነው፣ ገና ዓመቱ ነው አለኝ። እኔም እንደዚያው ይዤ ቀረሁ።»

«ሱቄ አንድ ቀን ብቅ ቢሉ ኖሮ እነግርዎ ነበር» አለ ሱሩር ቀስ ብሎ። ቁጣ አልነበረበትም።

«መቼ ነው የለወጧቸው?» አለች ጥሩብርሃን።

«ቅዳሜ ነው። የብርጓል ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ገዳሙ ደብሩ ሄዶ። ጎማ መፍታት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከትምህርቱ እሷን ብቻ ነው የያዝኳት።» ምርኩዛቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። «ዝናቡ ደርሷል። በዚህ ሳምንት ካልሄደ መንገዱ ጭነት አያሳልፍም፣ እስከ መስከረም ይቆያል አልኩ። አንድ ክረምት ነው የፈለግኩ። ሲያየው ይናደዳል፣ ሌባውን ይረግማል፣ ማታ እኔ ዘንድ መጥቶ እያማረረ ይቀመጣል። ኋላ ሲረሳ እመልስለታለሁ ብዬ ነው።»

«ቀለሙን ሲያዩስ? እዚያው ነበሩ እኮ።»

አያ መሳፍንት የመለሱት ለመርማሪዋ ሳይሆን ለመቅዲ ነበር።

«ከቅዳሴ ስንመለስ መኪናዋ እያበራች ቆማለች። ስንጥቁ የለም። ይዳስሰዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልዳሰሰም። መስኮቷን ይዤ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። ሠላሳ ዓመት አብሮት የበላ ጓደኛው ሰረቀው ሊባል ነው። አፈርኩ። ሦስት ዓመት ነው፣ ማርቆስማ ያደርሰዋል ብዬ እጄን አነሣሁ። ማፈሬ ነው የገደለው፣ ልጄ። ጎማው አይደለም።»

ድረስ ተነሥቶ ሱሩር ፊት ቆመና እጁን ዘረጋለት። ሱሩር ጨበጠው።

የፖሊስ መኪና ውስጥ አያ መሳፍንት ጥሩብርሃን አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸውን አላሰረቻቸውም። ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው አካለ ወልድ በዝግታ ነው የሚነዳ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ካለፉት በኋላ ነው የገለጡት።

«ጠበቃ ይቆምልዎታል» አለቻቸው ጥሩብርሃን። «ሊገድሉ እንዳላሰቡ እኔም ለዳኛው እናገራለሁ። ፍርዱ ቀለል ሊል ይችላል።»

አያ መሳፍንት ሌላ ነገር ሲያስቡ ነበር።

«እዚያ የሚወስዱኝ ቦታ» አሉ፣ «ሰው ለብቻው ነው የሚያድር?»

«የለም፣ ለብቻ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ነው።»

«ክረምቱንም?»

«ክረምቱንም» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ጥሩብርሃን ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ዕንባዋን እንዲያዩባት አልፈለገችም።